የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ

የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ በ1927 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) በናይሮቢ የተቋቋመ የአብራሪዎች ማኅበር ነው። ኬንያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ተብላ ከታወጀች ያኔ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። የክለቡ ባለቤቶች ለሙን ደጋ ይዘው የሰፈሩት ነጮች ነበሩ። ክለቡ እስከ ዛሬ በናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ግቢ ውስጥ ይገኛል።

ሰፋሪዎቹን ወደ በረራ የሳባቸው ስፖርቱ ብቻ አልነበረም። እርሻዎቹ የተራራቁ፣ መንገዱ በዝናብ ወራት ጭቃ ስለነበር ከባቡር ሐዲዱ ርቆ ለሚኖር ሰው ሐኪም ዘንድ መድረስ የቀናት ጉዞ ነበር። ችግሩን ያቃለለችው ዲ ሃቪላንድ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ከ1925 ጀምሮ የሠራት ትንሿ «ሞዝ» ናት። ስሟ የእሳት እራት ማለት ነው። አካሏ ከእንጨት፣ ክንፏ ሸራ የለበሰ ሲሆን ሁለት ሰው አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጥባታል፤ ከላይ ጣሪያ የላትም፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ክንፎቿ ወደ ኋላ ስለሚታጠፉ ባለ እርሻው በመኪና ጎትቶ ጋጣ ውስጥ ሊያስገባት ይችል ነበር። ናይሮቢ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በቀትር ሙቀት አየሩ ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት የክንፉም አቅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ማለዳ የተነሣ ይሻለው ነበር።

የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። በኬንያ ከመጀመሪያዎቹ ሴት አብራሪዎች አንዷ የሆነችው ማያ ካርበሪ በማርች 1928 ናይሮቢ ላይ ተማሪ ይዛ ስትበር ወድቃ ሁለቱም ሞቱ። በሜይ 14 ቀን 1931 ደግሞ ስመ ጥሩ አዳኝ ዴኒስ ፊንች ሃተን በደቡብ ምሥራቅ ኬንያ ከምትገኘው ከቮይ ከተማ እንደተነሣ፣ ከሞዝ ዓይነቶች አንዷ የሆነችው ጂፕሲ ሞዙ ተከሰከሰች። አብሮት የሞተው ኪኩዩው አገልጋዩ ካማው ነው። የፊንች ሃተን ሞት ብዙ ተጽፎለታል፤ ካማው ግን በአብዛኛው በአንድ ሐረግ ይታለፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሣም። የዚህን ክለብ ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ስሞች እኩል መጥራት ያለበት ይመስለኛል።

በ1929 ፍሎረንስ ከር ዊልሰን የተባሉ ባሏ የሞተባቸው ሰፋሪ፣ ከአብራሪው ቶም ካምቤል ብላክ ጋር ዊልሰን ኤርዌይስን አቋቋሙ። ኩባንያው ፖስታ፣ መንገደኛና በሽተኛ ያመላልስ ነበር። የእንግሊዙ አየር መንገድ ኢምፔሪያል ኤርዌይስም በ1931 ከለንደን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የሚዘልቀውን መስመሩን ከፈተ። ካምቤል ብላክ በ1934 ከጓደኛው ጋር ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያዋ ሜልበርን የተደረገውን የበረራ ውድድር አሸነፈ። ከተማሪዎቹ መካከል በአራት ዓመቷ ኬንያ የገባችው ቤሪል ማርካም ነበረች። እሷም ከአየር ላይ የዝሆን መንጋ እየፈለገች ለአዳኞች ትጠቁም ነበር። በሴፕቴምበር 1936 ከእንግሊዝ ተነሥታ፣ ነፋሱን እየተጋፋች፣ ብቻዋን አትላንቲክን አቋረጠች። ሃያ ሰዓት ያህል ከበረረች በኋላ የነዳጅ ታንኩ መተንፈሻ በበረዶ ተደፍኖ ሞተሩ ስለጠፋ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ረግረግ ላይ ወደቀች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የማርካም አብሮ አደግ አራፕ ሩታ በኬንያ ሳለች በመጀመሪያ ፈረሶቿን፣ ኋላም አውሮፕላኗን ይንከባከብላት ነበር። መሪውን ግን የያዘችው እሷ ነች። የሰፋሪዎቹ ክለቦች አፍሪካዊን በአባልነት አይቀበሉም ነበር፤ አገሬው ከሜዳው የሚገባው ለሥራ ነው። ሰማዩን የዘጋው የችሎታ ማነስ አልነበረም፤ መሬቱን የከለከለው ያው ሥርዓት ነው።

በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ የዊልሰን ኤርዌይስ አውሮፕላኖችና አብራሪዎች ለጦሩ ተወሰዱ፤ ኩባንያውም በዚያው ቀረ። ኬንያ በ1940 እና በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ከደቡብ በኩል ለዘመተው ጦር መነሻ ሆነች፤ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይልም ከዚያው እየተነሣ የጣሊያንን ይዞታ ይደበድብ ነበር።

ናይሮቢ ዌስት ይባል የነበረው ሜዳ በ1962፣ ነፃነት ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በፍሎረንስ ዊልሰን ስም ዊልሰን ተባለ። በ1957 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ማዕከሉ እዚያው ነው፤ ከሩቅ ገጠር በሽተኛ የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ዛሬም ታርፍበታለች። ኬንያውያን ሚራ የሚሉት ጫትም ለዓመታት ከዚሁ ሜዳ እየተጫነ፣ ሳይጠወልግ ሞቃዲሾ እንዲደርስ በጥድፊያ ሲበር ኖሯል።