ኤርቼክ ምንድን ነው?

ከቆዩ ካሴቶች መካከል የዘፋኝ ስም የሌለው፣ በእስክሪብቶ «ቅዳሜ» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት አንድ አይጠፋም። እኛ ቤት ያለው ሲከፈት ዘፈን ይጀምርና መሃል ላይ ጋዜጠኛው ይገባበታል፤ ሰዓት ይናገራል፣ ከአድማጭ ጋር በስልክ ይጫወታል፣ ከዚያ የፈርኒቸር ቤት ማስታወቂያ ይመጣል። የሬዲዮ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቅጂ ኤርቼክ ይሉታል፦ በአየር ላይ የዋለ ፕሮግራም ልክ እንደተሰማ የተቀዳበት ድምፅ ማለት ነው። ቃሉ የአሜሪካ ጣቢያዎች ነው። አቅራቢዎች ሥራቸውን መልሰው ለመስማት፣ ሌላ ጣቢያ ሲያመለክቱም ለናሙና ይቀዱት ነበር፤ በኋላ አድማጭ ቤቱ የቀዳውም በዚሁ ስም ተጠራ።

እኛ ዘንድ ስሙ እንግዳ ቢሆንም ሥራው የታወቀ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ባዶ ካሴት ከትቶ፣ ጣቱን ቴፑ ላይ አሳርፎ የሚወደውን ዘፈን ያልጠበቀ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ጋዜጠኛው ዘፈኑ ላይ ሲያወራ ምን ያህል እንናደድ ነበር! ዛሬ ዘፈኑ በየስልኩ አለ፤ የማይገኘው ያ ያናደደን ወሬ ነው። የመቅጃ ክር ውድ በነበረበት ዘመን በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎች በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዱ ስለነበር፣ ለአንዳንድ የቀጥታ ፕሮግራም የቀረው ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ያለው ካሴት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀን ያልተጻፈበት ካሴት ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። የኛው «ቅዳሜ» ላይ ማስታወቂያው የሚያነበው ስልክ ስድስት አሃዝ ነው። የአዲስ አበባ ስልክ አሃዝ የጨመረው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ጣቢያው ደግሞ 97.1 ነው። ስለዚህ ቅጂው ከ1992 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ሸገር 102.1 የሚል ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው እንል ነበር። ዘፈኑን ለይቶ ለማስቀረት ማስታወቂያውን ቆርጦ የሚጥል ሰው የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ የጣለው የካሴቱን የልደት ወረቀት ነው።

ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሲነሱ መጀመሪያ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ክሩ እየነካው የሚያልፈውን ድምፅ አንባቢ ብረት፣ በአልኮል ያጽዱ። ድምፁ ታፍኖ ከመጣ ክሩ ተበላሽቷል ብለው አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የቀዳው ቴፕ ሄድና የሚያጫውተው ሄድ ትንሽ ተዛንፈው ነው። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጣም በቀስታ ሲያዞሯት «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ አለ።

ሌላው ችግር የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በደከመ ቴፕ የተቀዳ ካሴት ዛሬ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ያኔ ካሴቱ ላይ ሙሉውን የተቀዳ ዘፈን ይፈልጉና ከሲዲው ጋር ያስተያዩ። ሲዲው ላይ 5 ደቂቃ የሆነው ካሴቱ ላይ በ4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ካለቀ፣ ፍጥነቱን 5 በመቶ ይቀንሱለት። ይህን ግን በተለየ ፋይል ላይ ያድርጉት፤ የመጀመሪያው ግልባጭ ከነጩኸቱ ሳይነካ ይቀመጥ። ፋይሉ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ዓይነት)፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒስሪ ለመላላክ እንጂ ለማኖር አይሆንም።

መገልበጥ አያፋጥኑትም፤ የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈልጋል። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ዋናው ስጋት ከክሩ ይልቅ ማጫወቻው ነው፤ ማሽኑም መለዋወጫውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ቤትዎ የሚሠራ ቴፕ ካለ ለቆራሌው አይስጡት። ገልብጠው ሲጨርሱም ካሴቱን አይጣሉ፤ የተሻለ ማሽን ያለው ሰው ሲገኝ ከዚያው ክር ላይ ዛሬ ያልሰማነውን ያወጣ ይሆናል።