ቆዳና ሌጦን በጨው ማቆየት፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ

ቆዳና ሌጦን በጨው ማቆየት ጥሬ ቆዳ ከእርድ በኋላ ፋብሪካ እስኪደርስ እንዳይበሰብስ የሚሠራ ሥራ ነው። በነጋዴው ቋንቋ የከብት «ቆዳ»፣ የበግና የፍየል ደግሞ «ሌጦ» ይባላል። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ በአንድ መንገድ የተያያዙ ገበያዎች ሲሆኑ ኮምቦልቻ የራሷ የቆዳ ፋብሪካ አላት።

ወሎ በዚህ ሙያ ስሙን አስጠርቷል። «ባቲ» ተብሎ የሚታወቀው የፍየል ሌጦ ጠንካራና እሺ ባይ በመሆኑ በውጭ ገበያ ለሱዌድ (ገጹ እንደ ከፋይ ለለሰለሰ ቆዳ) ይፈለጋል። በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ ከባቲ ከተማ የወጣ አይደለም፤ ከዙሪያው ቆላ የተሰበሰበውም በዚሁ ይጠራል።

ፋብሪካ ሳይኖር በፊት ቆዳው በቤት ተፍቆና ተወጥሮ ቁርበት፣ አጎዛ፣ ስልቻና ጠፍር ይሆን ነበር።

የጨው ነገር ሰፋ ያለ ታሪክ አለው። ከአፋር ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በመኪና ዘመን ጨው ከአሰብ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ጨው ተቋረጠ፤ በአፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ጨውም ቦታውን ያዘ። ዛሬም በዚያው የባቲ መንገድ ጨው ወደ ደጋ ይወጣል።

ጨው ቆዳን የሚያቆየው በሁለት ተከታታይ ሥራዎች ነው። የህዋስ ሽፋን ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ጨውን ግን ይከለክላል። የተነሰነሰው ጨው በቆዳው እርጥበት ሟሙቶ እስኪጠግብ ድረስ ይወፍራል፤ 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። የእንስሳ ህዋስ የሚመጣጠነው ግን 0.9 በመቶ ጨው ካለው ውሃ ጋር ነው። ስለዚህ ውሃው ከህዋሱ እየወጣ ወደ ጨዋማው ወገን ይሄዳል፤ ይህ ኦስሞሲስ ነው። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሶ ጥቂት የቆየ ሰው ሳህኑ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ያውቀዋል። በቆዳው ላይ ያለው ባክቴሪያም እንዲሁ ውሃው ይመጠጥና መራባት ያቅተዋል።

ቀጥሎ የሞተው ህዋስ ሽፋን ይፈርስና ጨው ከበዛበት ወዳነሰበት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ይህ ዲፊውዥን ነው። ዲፊውዥን በአጭር ርቀት ፈጣን፣ በረጅም ርቀት ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ የቆዳው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የበሬ ቆዳ ሳምንታት፣ ሌጦ ጥቂት ቀናት ብቻ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ትኩስ ቆዳ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ ነው፤ በደንብ ጨው የጠጣው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቆዳው በተገፈፈ በአራት ሰዓት ውስጥ ደምና ፈርሱ ታጥቦ፣ የተረፈው ሥጋና ስብ ተፍቆ፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል። ስቡ ካልተፋቀ ጨው አያልፍበትም፤ ከሥሩ ያለው ይበሰብሳል። ከዚያ የሥጋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ዘንበል ባለ መደብ ላይ ይዘረጋል። ጨዉ ከቆዳው ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ለ20 ኪሎ የበሬ ቆዳ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። አንገት፣ እግርና ጠርዝ በእጅ ይታሻሉ። የሚነሰነሰው በሥጋው ወገን ነው፤ በፀጉሩ በኩል ያለው የላይኛው ሽፋን ጨው አያስገባምና። በጣም የደቀቀ ጨው ቶሎ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይፈስሳል፤ በጣም የጎላውም ሳይነካ የሚያልፈው ቦታ ይተዋል። የሚመረጠው መካከለኛው ነው።

ትልቁ ጠላት መዘግየት ነው። ፀጉሩ በጣት ሲሳብ ከተነቀለ መበስበስ ጀምሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሰነስ ጨው የተበላውን አይመልስም። ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ሲያድር የሚታገሠው ቆዳ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ይልቁንም በባቲ፣ አያድርም። በአረፋና በፋሲካ ሌጦ በአንድ ቀን ስለሚጎርፍ ጨው አስቀድሞ መግዛት ግድ ነው።

ፋብሪካ ሲደርስ ሁሉም ይገለበጣል፤ ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ ጨዉ በዲፊውዥን ይወጣል፣ ውሃውም ይመለሳል። ያ ጨው ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል፤ ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ የሟሟ ጨው አያስቀርም። በኮምቦልቻ በኩል በሚያልፈው የቦርከና ወንዝ ተፋሰስ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ግን ከጨው ይልቅ በሌሎች ኬሚካሎች ላይ ያተኩራል፤ የየትኛው ፋብሪካ ድርሻ ስንት እንደሆነም ያከራክራል። ጭነቱን የሚቀንሰው ሳይዘፈዘፍ በፊት ቆዳውን አራግፎ ጨዉን መሰብሰብ ነው። የተራገፈው ጨው ግን ዳግም አይነሰነስም፤ ጨው የሚወድ ረቂቅ ሕይወት ይዞ ስለሚመጣ አዲሱ ቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል።