«አንዲት ዓሣ ከበሰበሰች ቅርጫቱ በሙሉ ይገማል»፦ የላኦዎች አባባልና ትርጓሜው

«ፓ ቶ ዲያው ናው፣ ሜን ሞት ኮንግ» ይላሉ ላኦዎች፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያዋ የላኦስ ሰዎች። አንዲት ዓሣ ከበሰበሰች ቅርጫቱ በሙሉ ይገማል ማለት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያሉት የቋንቋ ወገኖቻቸውም ይሉታል። የሚወረወረው አንዱ ልጅ ሰርቆ ቤተሰቡ ሁሉ ሌባ ሲባል፣ ወይም አንድ መነኩሴ ባልጎ የገዳሙ ስም ሲጠፋ ነው። ከእኛው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ጋር አይምታታ፤ የእኛው ጣቱን አለቃው ላይ ይቀስራል፣ የእነሱ ግን ከማንም ይጀምር፣ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል ባይ ነው። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር»ም አይተካውም። ጊደሯ ክፉ አመል ተምራ መጥታለች፤ ቅርጫቱ ውስጥ የቀሩት ዓሣዎች ግን ያጠፉት ነገር የለም።

ኮንግ የሚባለው ቅርጫት ከቀርከሃ ስንጥር ይሠራል። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። አፉ ላይ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የሾለ ስንጥሮች ክብ ሠርተው ይገጠማሉ፤ ዓሣው ሲገባ ይለቁለታል፣ ሊወጣ ሲል ይወጉታል። ዓሣ አጥማጁ ወገቡ ላይ ያስረዋል፣ ወይም ግማሹን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያስቀምጠዋል። ዓላማው ዓሣውን በሕይወት ማቆየት ነው። ታዲያ ሁሉም እኩል አይቆይም። አምባዛና የእባብ ራስ የሚባለው ዓሣ አየር ስለሚተነፍሱ እርጥበት ካላጡ ለሰዓታት አይሞቱም። ቅርፊታቸው ነጣ ያለው ትንንሾቹ፣ የእኛ ቢልጫ ዘመዶች፣ ቀድመው ይሞታሉ። በዚያ ሙቀት የሞተው ዓሣ አንጀት ቶሎ ይፈርሳል፤ ሆዱ ይላላል፣ ዝልግልጉ በጎረቤቶቹ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቅርጫቱን በየጊዜው ከፍቶ የሞተውን ይለቅማል። የተለቀመው አይጣልም፤ ሳይገማ በጨውና በሩዝ ገለባ ብናኝ ታሽቶ እንስራ ውስጥ ይታመቅና ፓዴክ የሚሉት የዓሣ ማጣፈጫ ይሆናል።

ላኦዎች ጥሬ ዓሣ የሚበሉት በብዛት ከነዚያ ቶሎ ሟች ነጫጭ ዓሣዎች ነው። ኮይ ፓ ይባላል። ግማሽ ኪሎ ዓሣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው ወጥቶ በቢላ ይከተከታል፤ የሦስት ወይም የአራት ሎሚ ጭማቂ ይፈስበትና ሥጋው እስኪነጣ ይታሻል። ከዚያ ተጨምቆ የወጣው ውኃ ከፓዴክ ጋር ይፈላል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለስበታል። ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ጋላንጋልና ናና ይገባሉ። በመጨረሻ ተቆልቶ የተወቀጠ ተጣባቂ ሩዝ ሁለት ማንኪያ ይነሰነሳል። ሩዙ ካረረ ይመራል፤ ቀድሞ ከገባም ውኃውን መጥጦ ምግቡን ሊጥ ያደርገዋል። ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲሆን ደግሞ ላፕ ዲፕ ይባላል፣ ጥቂት ሐሞት ይጨመርበታል። ምሬቱን ወዳጁ ብዙ ነው።

የአባባሉ ጉድለት የሚታየው እዚህ ጋ ነው፤ ዳኛው አፍንጫ ነው። ቅርጫት ውስጥ ሲወራጭ የነበረ፣ ምንም የማይሸት ዓሣ ንጹሕ ነው ተብሎ ይበላል። የሜኮንግ ወንዝ አካባቢው የጉበት ትል (ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ) ግን ሽታ የለውም። ዕንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ ይወርዳል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይውጠዋል፣ ከዚያ ወጥቶ በነዚያው ነጫጭ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይተኛል። ከረጢቱ የሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ሲከትፉት በዓይን አይታይም። ሰው ሲበላው ትሉ በሐሞት ቧንቧ ውስጥ አድጎ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ትል በ1994 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠ የካንሰር መንስኤ ብሎ መድቦታል፤ የሚያመጣውም የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ነው።

ሎሚው ሥጋውን ስላነጣው የበሰለ ይመስላል፤ ከረጢቱን ግን አይገድለውም። ቃሪያውም፣ አብሮ የሚጠጣው የሩዝ አረቄም እንዲሁ። ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚኮመጥጠው፣ ሶም ፓ የሚባለው ዓሣም አያስተማምንም፤ ወራት የቆየና ጨው የጠገበ ፓዴክ ይሻላል። የሚያስተማምነው በእሳት በደንብ ማብሰል፣ አለዚያም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሰባት ቀን ማቀዝቀዝ ነው፤ የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ሐዋሳ ላይ ጥሬ ዓሣ የሚበላ አንባቢ ይህን ትል በራሱ ሐይቅ አይጠብቅ፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሐኪሞች የሚያዙለት ግን እኛም የምናውቀውን፣ ለቢልሃርዝያ የሚሰጠውን ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ። ትሉ ይወጣል። በሳምንቱ ኮይ ፓ የቀረበለት ሰው ደግሞ እንደ አዲስ ይያዛል።