ስለ ኖራ አውኖር በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ቤይሩት በሠራሁባቸው ዓመታት ከማዳሜ በር ፊት ለፊት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። ሁላችንም «አቴ» ነበር የምንላት። በእነሱ ቋንቋ «እትዬ» እንደማለት ነው። እሑድ ዕረፍት ስንወጣ በስልኳ ፊልም ታሳየኛለች። ቋንቋው አይገባኝም። እሷ አረብኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ትተረጉምልኛለች። ፊልሞቹ ላይ ሁሌም አንዲት አጠር ያለች፣ ጠይም፣ አፏ ዝም ሲል ዓይኗ የሚናገር ሴት ነበረች። ኖራ አውኖር ትባላለች። የሀገሯ ሰውም «አቴ ጋይ» ይላታል።

ኖራ ኤፕሪል 16 ቀን 2025 በ71 ዓመቷ አረፈች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ ወዲህ ስለሷ ባወራሁ ቁጥር አንዳንድ የተሳሳቱ ነገሮች እሰማለሁ። ከፊሉን የኛ ሰዎች ይሉታል፤ ከፊሉን ፊሊፒኖች ራሳቸው። አንዱን ደግሞ እኔም ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ።

«የዘፈን ውድድር አሸንፋ በዕድል የወጣች ናት»

መነሻው እውነት ነው። ሙሉ ስሟ ኖራ ካባልቴራ ቪላማዮር ነው። በ1953 ቢኮል በሚባለው አካባቢ፣ ኢሪጋ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ድሃ ስለነበር በልጅነቷ ባቡር ጣቢያ ለመንገደኞች ውኃ ትሸጥ ነበር። «ታዋግ ንግ ታንግሃላን» በተባለው ታዋቂ የዘፈን ውድድር መጀመሪያ ተሸነፈች። ተመልሳ ገባችና በ1967 አሸነፈች። ገና 14 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ዕድል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቿ የወጣት ፍቅርና ዘፈን ነበሩ፤ ገንዘብም ያስገቡ ነበር። በዚያው ብትቀጥል ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን በ1973፣ በሃያ ዓመቷ አካባቢ፣ ኤንቪ ፕሮዳክሽንስ የሚባል የራሷን ድርጅት አቋቋመች። በዘፈንና በፍቅር ፊልም ያገኘችውን ስም ይዛ ከባድ ፊልሞችን መሥራት ጀመረች።

በ1976 የሠራችው «ታትሎንግ ታኦንግ ዋላንግ ዲዮስ» ማለት «እግዚአብሔር የሌለባቸው ሦስት ዓመታት» ማለት ነው። በጃፓን ወረራ ጊዜ ስለምትኖር አንዲት የገጠር አስተማሪ ነው። አንድ የጠላት መኮንን ይደፍራታል። በኋላ ልትወደው ትሞክራለች። በመጨረሻ የገዛ ሀገሯ ሰዎች ይገድሏታል። የአድናቂ ደብዳቤ ሲጎርፍላት የኖረች ወጣት ዘፋኝ በራሷ ድርጅት ይህን ሠራች። የፊሊፒንስ የፊልም ሐያሲያን ጋዋድ ኡሪያን የሚባለውን ሽልማት ሲጀምሩ የመጀመሪያዋ ምርጥ ተዋናይት የሆነችውም በዚሁ ፊልም ነው።

«እዚያ ሀገር ኮከብ ለመሆን ነጣ ማለት ግድ ነው»

ከኖራ በፊት አዎ፣ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነበር። በፖስተሩ ላይ የምታዩዋቸው ሴቶች ቀላ ያሉ፣ ረዘም ያሉ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ፣ ከስፔን ወይም ከአሜሪካ ደም የተቀላቀሉ ነበሩ። ኖራ አጭርና ጠይም ናት። ሠራተኛዋን ሆና እንጂ እመቤቷን ሆና ትጫወታለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ሕዝቡ ግን የራሱን መልክ አየባት። አድናቂዎቿ ገበያ የሚውሉ ሴቶች፣ የፋብሪካ ልጆች፣ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። የተማረው ክፍል እነዚህን ተመልካቾች «ባክያ» ይላቸው ነበር። ባክያ ድሃ የሚያደርገው የእንጨት ነጠላ ጫማ ነው። ስድብ ነው እንግዲህ። እነሱ ግን አልተዉአትም። እሷና አብሯት የሚሠራው ቲርሶ ክሩዝ ሳልሳዊ የፍቅር ጥንዶች ሆነው በሚታዩበት ዘመን አንዲት አሻንጉሊት ነበረቻቸው። አድናቂዎቹ ስም የወጣላትን ይህችን አሻንጉሊት እንደ ጥንዶቹ ልጅ ነበር የሚያዩዋት። ይህን ያህል ነበር ፍቅሩ።

እኔን የሚገርመኝ ኖራ ይህንኑ ፍቅር መልሳ መመርመሯ ነው። በ1980 ከዳይሬክተር ሊኖ ብሮካ ጋር «ቦና»ን ሠራች፤ ያወጣውም የራሷ ድርጅት ነው። ቦና ቤተሰቧንና ትምህርቷን ትታ አንድ ተራ የፊልም ተዋናይ ቤት የምትገባ ልጅ ናት። ታበስልለታለች፤ ገላውን የሚታጠብበትን ውኃ ታሞቅለታለች። እሱ ሌሎች ሴቶች እያመጣ ያዋርዳታል። በመጨረሻ ያንኑ ውኃ አፍልታ ትደፋበታለች። በሚሊዮን አድናቂ የተከበበች ሴት የአድናቂውን ቦታ ይዛ ተጫወተችው። ፊልሙ በ1981 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። ታድሶም በ2024 እዚያው ካን ተመልሶ ለእይታ በቅቷል።

«‹ሂማላ› የተአምር መንፈሳዊ ፊልም ነው»

ሂማላ ማለት «ተአምር» ማለት ስለሆነ ይህን መገመት ቀላል ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የ1982 ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ኢሽማኤል በርናል፣ ጸሐፊው ሪኪ ሊ። ኩፓንግ የምትባል ድርቅ የመታት ትንሽ ከተማ አለች። ኤልሳ የምትባል ልጅ በፀሐይ ግርዶሽ ቀን ማርያም ታየችኝ ትላለች። ሕመምተኛው ይጎርፋል። ከሕመምተኛው ጋር ነጋዴው፣ ፊልም አንሺውና የሴተኛ አዳሪ ቤቱም ይመጣል። በመጨረሻ ኤልሳ ሕዝቡን ሰብስባ እውነቱን ትናገራለች። ተአምር የለም፤ ተአምሩም እርግማኑም አምላኩም የኛ የሰዎች ሥራ ነው ትላለች። ከዚያ ከሕዝቡ መሐል በተተኮሰ ጥይት ትወድቃለች።

ለዚያ ትዕይንት ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኖራ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዋን ቆማ ነው የምትናገረው። አቴ ይህን ትዕይንት ስታሳየኝ መተርጎሙን አቆመች። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ከፊቷ ላይ ይነበባል።

ፊልሙ በእምነት ላይ ያላግጣል የሚሉም አሉ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። የተጠማ ሰው ውኃ አለ ወደተባለበት ይሄዳል፤ ፊልሙ በሰዎቹ ጥም አይስቅም። «ሂማላ» በ1983 የበርሊን ፌስቲቫል ውድድር ውስጥ ገብቷል። በ2008 ደግሞ ሲኤንኤን ባካሄደው የተመልካች ድምፅ የእስያ ፓስፊክ የምንጊዜም ምርጥ ፊልም ተብሏል።

«የፍሎር ፊልም የሴትዮዋን ንጽሕና አረጋግጧል»

እኔም አምኜው የኖርኩት ይህንን ነው። አቴ እንደዚያ ነበር የነገረችኝ።

ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን ሲንጋፖር የምትሠራ ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1991 ሌላ ፊሊፒናዊት ሠራተኛንና አንድ ሕፃን ልጅ ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። ማርች 17 ቀን 1995 በስቅላት ተቀጣች። ፊሊፒንስ በቁጣ ተናወጠች። ብዙ ሰው ንጹሕ ናት ብሎ ያምን ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥራ ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ውጭ ሀገር የሚሠሩ ዜጎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

ፊልሙም የወጣው በዚያው በ1995፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። ዳይሬክተሩ ጆኤል ላማንጋን ታሪኩን ከፍሎርና ከቤተሰቧ ጎን ሆኖ ነው የነገረው። ስለዚህ ፊልም ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሲንጋፖር ፍርድ ቤት ውሳኔም በፊልም አልተሻረም። ይህን መናገር ለፍሎር አለማዘን አይደለም። እኔ በበኩሌ አሁንም አዝንላታለሁ።

የኖራ ሥራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሰው ቤት ያልሠራ ሰው ሊያመልጠው ይችላል። እሷ ፍሎርን ስትጫወት አትጮህም። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ድምጿን ቀንሳ ትቆማለች። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ማዳም ስትጠራን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንቆመው። ኖራም ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1992፣ ፔታ ከሚባለው የቴአትር ቡድን ጋር ስለ ቤት ሠራተኞች በተሠራ ቴአትር ላይ ተውናለች።

በዚህ ፊልም ካይሮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘች። ፊልሙም የፌስቲቫሉን ትልቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን ፒራሚድ ወሰደ። ቤት ጠራጊ የሆነች የእስያዊት ታሪክ በአረብ ከተማ እንዲህ መከበሩን ለአቴ ስነግራት አታውቅም ነበር። እንደገና ንገሪኝ አለችኝ።

«ከቪልማ ሳንቶስ ጋር ጠላቶች ነበሩ»

ቪልማ ሌላዋ የፊሊፒንስ ታዋቂ ተዋናይት ናት። ፉክክሩ ግን የአድናቂዎቹ ነው። ኖራኒያንና ቪልማኒያን ተባብለው ተከፋፍለው ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረዋል። ሁለቱ ሴቶች ግን በ1978ም በ1982ም በአንድ ፊልም ላይ አብረው ተውነዋል። በዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም።

«ድምጿ ሲጠፋ ሥራዋም አበቃ»

ድምጿ መጎዳቱ እውነት ነው። በ2010 ጃፓን ውስጥ የውበት ሕክምና ካደረገች በኋላ እንደድሮው መዝፈን አልቻለችም። ለዓመታት «ሱፐርስታር» የሚል ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት የነበራት ዘፋኝ ናት። ይህ ምን ያህል እንደሚያም አስቡት።

ግን አላበቃም። በ2011 ከአሜሪካ ተመልሳ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ብቅ አለች። በ2012 ደግሞ ከዳይሬክተር ብሪያንቴ ሜንዶዛ ጋር «ዛይ ዉምብ»ን ሠራች። በፊልሙ ውስጥ በታዊታዊ ደሴቶች፣ ባሕር ላይ በተሠሩ ቤቶች የምትኖር አዋላጅ ናት። የስንቱን ልጅ ስታዋልድ ብትኖርም የራሷ ልጅ የላትም። ባሏ ልጅ ስለሚመኝ ሁለተኛ ሚስት ራሷ ትፈልግለታለች። ንግግሯ ጥቂት ነው፤ ሥራው ሁሉ በዓይኗ ነው። በዚህ ፊልም የእስያ ፓስፊክና የእስያ ምርጥ ተዋናይት ሽልማቶችን ወሰደች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው ይህ የሆነው።

«ተፈርዶባት ስለነበር ነው የብሔራዊ አርቲስትነት ማዕረግ የከለከሏት»

በ2005 ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ተይዛ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆኖም የታዘዘላትን የማገገሚያ ፕሮግራም ጨረሰችና ክሱ ተዘጋ። በ2014 ባለሙያዎች ለብሔራዊ አርቲስትነት መርጠው ስሟን ሲያቀርቡ ፕሬዚዳንት ቤኒግኖ አኪኖ ሳልሳዊ በዚሁ ጉዳይ ምክንያት ከዝርዝሩ አወጧት። ማዕረጉ የተሰጣት በ2022 ነው።

ካረፈች በኋላ ኤፕሪል 22 የብሔራዊ ሐዘን ቀን ሆኖ ታወጀ። በጀግኖች መቃብር ተቀበረች። አቴ የዚያን ዕለት ደወለችልኝ። አሁን ሁለታችንም ሀገራችን ገብተናል። ቀብሩን በቴሌቪዥን እያየች ነበርና ስልኩን ወደዚያ አዞረችልኝ። ቋንቋው አሁንም አይገባኝም። እሷም እንደድሮው እየተረጎመችልኝ አብረን አየን።