የሙቅ ውሃ ሪሰርኩሌሽን ምንድን ነው?

በትልቅ ሆቴል አሥረኛ ፎቅ ላይ ሻወሩን ስትከፍቱ ሙቅ ውሃ ወዲያው ይመጣል። ማሞቂያው ያለው ግን ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንዲህ ቶሎ ጨረሰው? ነገሩ ውሃው ቱቦ ውስጥ ቆሞ አልነበረም፣ ሲዞር ነው የቆየው። በአንድ መስመር ወደ ፎቆቹ ይወጣል፤ ሰው ያልተጠቀመበት ደግሞ በሌላ ቀጠን ያለ መስመር ተመልሶ ማሞቂያው ውስጥ ይገባል። ይህ ዙር ነው ሪሰርኩሌሽን የሚባለው።

ባይኖርስ? እናስላው። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በ30 ሜትር ርዝመቱ 9 ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይይዛል። ውሃው እዚያው ቆሞ ካደረ ይቀዘቅዛል። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ያንን ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። የሆቴል ዋና ቱቦ ደግሞ ከዚህ በጣም ይወፍራል፣ በጣምም ይረዝማል። እንግዳው ራቁቱን ቆሞ ይጠብቃል፤ ንጹህ ውሃ በከንቱ ይፈሳል።

ለዚህ ሲባል አንዲት ፓምፕ ውሃውን ስታዞር ትውላለች፣ ታድራለች። ትልቅ ጉልበት አያስፈልጋትም። ሥራዋ ቱቦው በመንገድ ላይ ያጣውን ሙቀት መተካት ብቻ ነው። ቱቦዎቹም ሙቀት እንዳያባክኑ በወፍራም ሽፋን ይጠቀለላሉ። በተለመደው አሠራር ውሃው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይወጣል፤ ሲመለስ ከ50 በታች እንዲሆን አይፈለግም።

ችግር የሚመጣው ዙሩ ብዙ ቅርንጫፍ ሲኖረው ነው። ውሃ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ለፓምፑ ቅርብ በሆነው መስመር በብዛት ዞሮ ይመለስና በኮሪደሩ ጥግ ያለው መስመር ይቀዘቅዛል። አንዱ እንግዳ ገና እንደከፈተ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ፣ የጥጉ እንግዳ ሪሴፕሽን ደውሎ የሚያማርረው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ቦይለሩ፣ ማለትም ማሞቂያው፣ ምንም አልሆነም። መፍትሄው በየመልስ መስመሩ ማመጣጠኛ ቫልቭ ገጥሞ ቅርቡን ጠበብ፣ ሩቁን ሰፋ ማድረግ ነው። ይህን ሥራ ቸል ብሎ ትልቅ ቦይለር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። የጥጉ ክፍል እንደሆነ ቀዝቃዛው አይለቀውም።

ዙሩ ሙቀቱን ያደርሳል እንጂ አያበዛውም። የጠዋቱን ግፊያ የሚችለው ሙቅ ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ነው። ውሃን ከ15 ወደ 40 ዲግሪ እያሞቀ በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ አንድ ሻወር 14 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። መቶ ሻወር እኩል ቢከፈት 1,400 ኪሎዋት ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ሰው ተኝቶ ሳለ ቀስ ተብሎ ይሞቅና ይጠራቀማል። ሙቁ ከላይ ይሆናል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ ለእንግዳው የሚሄደው ከላይኛው ነው። ደግሞም ሁሉም ሰው በአንድ ደቂቃ ሻወር አይገባም። አሜሪካዊው ሮይ ሀንተር በ1940 ያሳተመው ስሌት ይህንኑ ነበር የያዘው፦ ስንቱ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሊከፈት እንደሚችል በፕሮባቢሊቲ መገመት። ቦይለሩም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል።

60 ዲግሪ ለገላ በጣም ይበዛል፤ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ግን ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ፣ በተለይ በቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል። የሻወር ብናኝ ሆኖ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ስሙን ያገኘው በ1976 ፊላደልፊያ በሚገኝ ሆቴል ከተሰበሰቡ የአሜሪካን ሌጂዮን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) አባላት ነው። ብዙዎቹ ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ባክቴሪያው የታወቀው በ1977 ነው። ያኔ የተጠረጠረው የሙቅ ውሃው ሳይሆን የአየር ማቀዝቀዣው ሥርዓት ነበር። ጥንቃቄው ግን ለሁለቱም ይሠራል፦ ለብ ያለ ውሃ ቆሞ አይደር። ስለዚህ ውሃው ትኩስ ሆኖ ይዞርና ሻወሩ አጠገብ ሲደርስ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ያለው ማደባለቂያ ቫልቭ ቀዝቃዛ ጨምሮበት ለገላ ያመቸዋል።

ዙሩ የማይደርስባት አንዲት ቦታ አለች፤ ከዋናው መስመር ተገንጥላ ክፍሉ ውስጥ የምትገባው አጭር ቱቦ። እዚያ ያለው ውሃ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲጠቀም ብቻ ነው። ክፍሉ ለቀናት ባዶ ከሆነ ይቆማል። ጠንቃቃ ሆቴል ሠራተኛ መድቦ ቢያንስ በሳምንት አንዴ በየባዶው ክፍል ቧንቧና ሻወር ለጥቂት ደቂቃ ያስከፍታል።