የጠቅታ ምጣኔ ምንድን ነው? ጽሑፉ ተነቦ ሊንኩ ለምን ሳይከፈት ይቀራል?

የጠቅታ ምጣኔ አንድን ሊንክ ካዩት ሰዎች ከመቶ ስንቱ እንደከፈቱት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሊንኩ የተከፈተበት ብዛት ለታየበት ብዛት ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። ጅማ ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ስለ ሙያው ጽፎ፣ ብዙ አንባቢ ባለው የሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ አስወጣ እንበል። ጽሑፉ 1,200 ጊዜ ተከፈተ፤ ከግርጌው ያለው፣ ወደ ባለሙያው የዋጋ ዝርዝር የሚወስደው ሊንክ ግን የተከፈተው 30 ጊዜ ብቻ ነው። ምጣኔው 2.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆትዋየርድ በተባለ ድረ ገጽ ላይ የወጣውን የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲን ማስታወቂያ ካዩት ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ እንደከፈቱት ይነገራል። ነገሩ አዲስ ነበርና ሰው ጓጉቶ ነበር። ዛሬ ባነር የሚባለው እንዲህ ያለ የድረ ገጽ ማስታወቂያ አንድ በመቶ ከሞላ ብርቅ ነው። ስለዚህ ባለሙያው 2.5ን ማነጻጸር ያለበት ከራሱ ያለፈ ጽሑፍ ጋር ነው።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው አካፋዩ ነው። 1,200 የሚለው ቁጥር ጽሑፉን የከፈቱትን እንጂ እስከ መጨረሻው መስመር የዘለቁትን አይናገርም። እስከ ግርጌው የዘለቁት 200 ብቻ ቢሆኑ፣ ሊንኩን በእርግጥ ካዩት ውስጥ 15 በመቶው ከፍተውታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያኮራ ውጤት ነው። ችግሩ ያለው ሊንኩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ለማጣራት ያንኑ ሊንክ መሐል ላይም መጨረሻ ላይም ማስቀመጥና በየአድራሻው ጫፍ ዩቲኤም የሚባለውን መለያ ለየብቻ መጨመር ይበቃል። ጉግል አናሊቲክስን የመሰለ መቁጠሪያ የትኛው ስንት ሰው እንዳመጣ ለይቶ ያሳያል።

ሊንክን ግርጌ ላይ የመወሸቅ ልማድ የቆየ ነው። ጽሑፍን በነጻ ሰጥቶ በምትኩ ሊንክ ማግኘት በፈረንጆቹ 2000ዎቹ የደራ ሥራ ነበር፤ እንደ ኢዚንአርቲክልስ ባሉ የጽሑፍ ማከማቻዎች የሊንኩ ዋና ቦታ ከጽሑፉ ሥር ያለው የጸሐፊው ማስተዋወቂያ ሳጥን ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ፓንዳ የተባለውን ማሻሻያ ሲለቅ ብዙዎቹ ማከማቻዎች ከፍለጋ ውጤት ወደ ታች ተገፉ። ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ «ለበለጠ መረጃ እዚህ ይጫኑ» ይላል።

የትኛው መረጃ? የሞባይል ዳታውን እየቆጠረ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ አይከፍትም። ሊንክ የሚከፈተው በአንባቢው ልብ ጥያቄ በተነሣበት ቦታ ላይ ሲገኝና ለዚያ ጥያቄ መልስ ሲይዝ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ስለ ጅማ በርጩማ የሚያነበውን ገዥ እናስብ። ጽሑፉ በደንብ ያልደረቀ እንጨት ውሎ አድሮ እንደሚሰነጠቅ ሲነግረው ሥጋት ይገባዋል፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ዕቃ ቢሰነጠቅ ለማን አቤት ይባላል? ሊንኩ እዚያው፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ሊገባ ይገባል፦ «እንጨቱን እንዴት እንደምናደርቀውና አሁን በእጃችን ያሉትን በርጩማዎች ከነዋጋቸው ይመልከቱ»። ሙሉ ሐረጉ ሊንክ ይሁን፤ በስልክ የሚያነብ ሰው አውራ ጣቱን አንዲት ቃል ላይ ማነጣጠር ያስቸግረዋል።

የእኛን ፊደል የሚመለከት አንድ ጣጣም አለ። የገጹ አድራሻ በአማርኛ ከተጻፈ፣ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ የፐርሰንት ምልክት፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ግማሽ ገጽ የሚሞላ ሰንሰለት ይሆናል። አንባቢው አጭበርባሪ የላከው መስሎት ያልፈዋል፤ አይፈረድበትም። አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል መሰየም ይሻላል። መድረሻቸውን የሚደብቁ አሳጣሪ ሊንኮችም ያንኑ ጥርጣሬ ስለሚቀሰቅሱ የራስን ስም የያዘ አድራሻ ይመረጣል።

ምጣኔውን በአንድ ሌሊት እጥፍ ማድረግም ይቻላል፤ «ዋጋውን ሲያዩ ይደነግጣሉ» ብሎ መጻፍ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የተታለለው አንባቢ ገጹን በደቂቃ ውስጥ ዘግቶ ይወጣል፣ ቀጣዩን ጽሑፍም አይከፍትም። ስለዚህ ከምጣኔው ጎን ከከፈቱት ውስጥ ስንቱ እንዳዘዘ መመዝገብ የግድ ነው፤ ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ይኸኛው ቁጥር ነው።

ጥቂት አንባቢ ላለው ጽሑፍ ደግሞ ምጣኔ ቶሎ ያሳስታል። 40 ሰው ካየው ሁለት ጠቅታ 5 በመቶ ነው፤ ከእነዚያው 40 አንድ ሰው ተጨማሪ ቢከፍተው 7.5 ይሆናል። በዚህ ተመርቶ ጽሑፍ መቀያየር ከንቱ ልፋት ነው፤ ቁጥሩ እስኪጠራቀም መታገሥ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ገዥ ሊንኩን ትቶ ስልክ ይደውላል፣ ይህም በምጣኔው ውስጥ አይገባም። ሲነካ በቀጥታ የሚደውል የስልክ ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ ማስገባትና ለደወለ ሁሉ «የት አዩን?» ብሎ መልሱን ደብተር ላይ ማስፈር የጎደለውን ይሞላል።