ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፦ ብዙ ሰው ስላለበት የቪዲዮ ጥሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ለአክስቴ ልጅ ሽማግሌ መጣ። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይሸታል። ዘመድ ግን ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዱባይና ዋሽንግተን ነው። ስለዚህ ዙም ተከፈተ፤ 31 ሰው ገባ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ልጃችሁን ለልጃችን…» ሲሉ ከዋሽንግተን የእህቴ ቴክስት ዱብ አለ፦ «ኧረ ቆመዋል! አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ! ምን አሉ?»

አጎቴ ወዲያው ፈረዱ። «ሰው በዝቶ ነው፤ ግማሾቻችሁ ውጡ!» ምስኪን ዘመዶች ወጡ። ምንም አልተለወጠም።

የምሠራው ኔትወርክ ጥገና ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን «አንተ ና እስቲ እየው» የምባለውም እኔ ነኝ። በየቤቱ የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ እስቲ አንድ በአንድ ልያዘው።

«ሰው ሲበዛ ጥሪው ይቆራረጣል»

ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው 30 ሰው ካለ ስልኩ ቪዲዮውን 30 ጊዜ እንደሚልክ ነው። እንደዚያ ቢሆን የአክስቴ ቤት ኢንተርኔት ቀርቶ የትልቅ ሆቴልም አይችለውም ነበር። ዙም፣ ጉግል ሚት እና ቲምስ እንደዚያ አይሠሩም። የእናንተ ቪዲዮ የሚሄደው ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ኩባንያው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ነው፤ ለሌላው የሚያዳርሰው ሰርቨሩ ነው። የሠርግ ድግስ አስቡ። ወጡን የሠራችው ሴትዮ እንግዳው ሁሉ ጋ አትዞርም፤ የሚዞረው አሳላፊ ነው። ይኼኛው አሳላፊ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይጨልፍም። ኔትወርኩ ደከም ላለው አነስ ያለውን ምስል፣ ጥሩ ለሆነው ትልቁን ይሰጣል። ለዚህ እንዲመቸው መሣሪያችሁ ብዙ ጊዜ አንዱን ምስል በትልቅና በትንሽ መጠን አድርጎ ይልክለታል። ሰው ስለተጨመረ ግን የምትልኩት አይበዛም።

ሰው መብዛቱ የሚከብደው ለሚቀበለው ነው። ዙም በሚሰጠው መመሪያ 25 ፊት በአንድ ስክሪን ለማየት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያስፈልጋል፤ ለ49 ፊት 4። እነዚያን ፊቶች ሁሉ እየፈታ የሚያሳየውም መሣሪያችሁ ነው፤ የሚግለው ለዚህ ነው። እና ዘመድ ከማባረር እይታውን ተናጋሪውን ብቻ አጉልቶ ወደሚያሳየው መቀየር ይቀላል።

«የእኛ ቤት 10 ሜጋ ነው፤ ችግሩ ከእናንተ ነው»

አክስቴ ይህን ያሉት በኩራት ነው። የቱ 10 ሜጋ? ሰው የሚያወራው ስለሚያወርድበት ፍጥነት ነው፤ ፊልም የሚያዩበት እሱ ስለሆነ። በጥሪ ላይ ግን ትልካላችሁም። ብዙ መስመር ላይ የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው በጣም ያንሳል። በዚያው የዙም መመሪያ፣ በቡድን ጥሪ ጥሩ የሚባል ቪዲዮ ለመላክ 1 ሜጋቢት፣ 720ፒ የሚባለውን ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል (ኤችዲ) ለመላክ 2.6 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠየቃል።

ስፒድ ቴስት አደረግኩ። ማውረጃው ምንም አይልም። መላኪያው ግማሽ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ዞር ብዬ ሳይ የወንድሜ ልጅ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ የሽማግሌዎቹን አገባብ ቪዲዮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እየጫነ ነው። ሌሎች ሁለት ልጆችም እንደዚያው። ሦስቱም «ውጭ ላሉት ብለን እኮ ነው» አሉ። መስመሩን የበሉት እነሱ ነበሩ።

ፍጥነት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የምትናገሩት ተቆራርሶ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ የሚጠፋ ወይም ዘግይቶ የሚደርስ ጥቅል ከበዛ ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖም ድምፁ ሮቦት ይሆናል። ዩቲዩብ እያጠራቀመ ስለሚያሳያችሁ ይህን አታዩትም። በጥሪ ላይ ማጠራቀሚያ ጊዜ የለም።

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው»

የዋይፋዩ ምልክት የሚነግራችሁ በስልካችሁና በራውተሩ (ኢንተርኔቱን በቤት ውስጥ በሚያዳርሰው ሳጥን) መካከል ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለውን አያውቅም። የአክስቴ ራውተር መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ነው የተቀመጠው፤ «ሳሎን ያስጠላል» ብለው። ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሁለት ዓይነት ሞገድ ነው። 2.4 ጊጋኸርትዙ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን የጎረቤቱም ሁሉ እዚያው ስለሆነ ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርትዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያዳክመዋል። ለእንዲህ ያለ ቀን ላፕቶፑን በኬብል ማገናኘት ነው።

«ኤችዲ ካበራን ይጠራል»

31 ሰው ባለበት ስክሪን ላይ የእናንተ ፊት የክብሪት ቀፎ ያክላል። ለክብሪት ቀፎ ኤችዲ ምን ያደርጋል? መስኮት ከጀርባችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ ይሁን፤ እሱ ይበልጣል። ዱባይ ያለው ዘመዳችን ከኋላው የባሕር ዳርቻ ምስል አድርጎ ነበር የገባው። የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ሲጮህ ይሰማል። ከጀርባ ቆርጦ ሰውን ማውጣት ለማሽኑ ከባድ ሥራ ነው።

«ቪዲዮ ከተቆራረጠ ድምፅም አይተርፍም»

ይተርፋል። ድምፅ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ቢያገኝ ይበቃዋል። በፓኬጅ ለሚገባ ሰው ላስላው፦ 1 ሜጋቢት እየላካችሁ 0.6 እየተቀበላችሁ አንድ ሰዓት ብትቆዩ ወደ 720 ሜጋባይት ይሄዳል (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። ድምፅ ብቻ ከሆነ የምትልኩትና የምትቀበሉት ተደምሮ ከ72 ሜጋባይት አይበልጥም። ግን የራሳችሁን ካሜራ መዝጋት ብቻውን ይህን አያመጣም፤ የሌሎቹን ቪዲዮ እየተቀበላችሁ ነውና። የሚመጣውንም አቁሙ።

«ሁላችንም በየስልካችን እንግባ»

ይኼኛው ነው የሚያናድደኝ። ሳሎኑ ውስጥ አራት ስልክ ተከፍቷል። የአንዱ ስፒከር የሚያወጣውን የሌላው ማይክ ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ያኛው ደግሞ ይቀበላል። ፉጨቱ ውሻውን አስነሣው። ስልኩ የራሱን ስፒከር ድምፅ ማጥፋት ያውቅበታል፤ አጠገቡ ያለውን የሌላ ስልክ ድምፅ ግን እንደ አዲስ ሰው ነው የሚሰማው። ማይክ ብቻ መዝጋት ስፒከሩን አያቆመውም። በአንድ ክፍል አንድ መሣሪያ ይበቃል።

አራቱንም ስልክ አስዘጋሁ። ልጆቹ ቴሌግራሙን አቆሙ። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ሳሎን አመጣሁት። የወጡት ዘመዶች ተጠርተው ተመለሱ። ሽማግሌው ተቀምጠው ቡናቸውን ይዘዋል። አጎቴ ጎንበስ ብለው «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ውጭ ያሉት አልሰሙም» አሏቸው። ሲኒውን አስቀመጡ። ተነሡ። ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ።